አባባ እምቢ ያሉት ራት

ስልኬ ላይ ያለችው ሴትዮ «በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ጤናማ ራት» ትላለች። ፈገግታዋ አይጠፋም፤ ጥፍሯን ተቀብታለች፤ ወጥ ቤቷ እንደ ክሊኒክ ያበራል። እንደ ካሮት የረዘመውን ነጭ ራዲሽ የአትክልት መጠምዘዣው ላይ ሰክታ ዘወር ስታደርገው ረጅም ኑድል ሆኖ እየተጥመለመለ ይወርድላታል። ሃያ ደቂቃ! እቺ ሴትዮ አማት እንደሌላት በፈለጋችሁት እወራረዳለሁ። እኔ ያን ቀን ያበሰልኩት ለሁለት አማቶች ነበር፤ በሕይወት ላሉትም፣ ለሞቱትም።

ባሌ ጂያሆንግ እዚሁ ታይቹንግ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ስኳሩ ጣራ ነክቶ ተገኘ። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። «በምግብ ካልወረደ ወደ መርፌ እንገባለን። እግርህን ደግሞ ማታ ማታ ተመልከት፤ ስሜቱ እንዳይጠፋብህ» አለው። ጂያሆንግ ሳቀ። ሐኪም ሲያስፈራራው ይስቃል፤ እኔ ስቆጣ ይስቃል፤ እንደው ሳቅ የሚያድን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተፈውሶ ነበር። «እግሬ ምን ሆነ? ፍሬን ይረግጣል፣ በቃ» አለኝ፣ ወደ ቤት ስንመለስ።

አባቱ የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። መጀመሪያ አንድ ጣት ተቆረጠ፤ ከዚያ እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ከዚያ እስከ ጉልበት፤ በመጨረሻ ሰውየው ራሳቸው ሄዱ። ፋሻውን ስቀይር የኖርኩት እኔ ነኝ። ሽታውን የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከምርመራው በኋላ የስንዴ ኑድል በዚህ ቤት በር አይገባም ብዬ ማልኩ። ታይፔ የምትማረው ልጃችን መጠምዘዣውን ገዝታ ላከችልኝ፤ እኔም በየማታው ካሮቱን፣ ዝኩኒውን፣ ራዲሹን ኑድል አስመስዬ ማቅረብ ጀመርኩ።

ጂያሆንግ «ሣር» ይለዋል። «ዛሬስ የትኛውን ሣር ነው የምንግጠው?» እያለ ይቀመጣል፤ ሁለት ጊዜ ይጎርሳል፤ ከዚያ የቆሻሻ መኪናው ዜማውን እያሰማ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ይነሳል። አንድ ብርጭቆ አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አሁን ግን የቆሻሻውን ፌስታል ካልያዝኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ማዕዘኑ ላይ በሽንኩርት ቅጠል ቂጣ የምትጠብስ ሴት አለች። ቆሻሻ ጥሎ ለመመለስ ያን ያህል እንደማያስቆይ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ጨጓራዬን ልጦ የጨረሰው ይሄ ነው፤ እኔ ቆሜ እጠመዝዛለሁ፣ እሱ ቆሞ ቂጣ ይበላል።

ያን ቀን የምሠራበት መነጽር ቤት ቆሜ ውዬ፣ ደንበኛውን ሁሉ «ይሄኛው ይሻላል ያኛው?» ስል ውዬ፣ እግሬ አብጦ ገባሁ። የአትክልቱን ፌስታል ገና ሳላስቀምጥ ደወሉ ጮኸ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ክፈቺ፣ እጄ ተገነጠለ!»

አማቴ ናቸው። ከሉጋንግ ድረስ በአውቶቡስ መጥተዋል፤ እጃቸው ላይ ባለ ሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ አንጠልጥለዋል። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁና እኔን ሰላም ሳይሉ ቀጥታ ሳሎን ወዳለው የአባባ ፎቶ ሄዱ። ጂያሆንግ ብቸኛ ወንድ ልጅ ስለሆነ ለሟቹ ምግብና ዕጣን የሚቀርብበት መሠዊያ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው።

«ምነው መሠዊያው ባዶ?»

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ሙት ዓመታቸው… ነገ አይደለም እንዴ እማማ?»

«ነገ? ሰውየው የሞተው ዛሬ ነው። አንቺን ብሎ አንድ ቀን ይቆይልሽ?»

በጨረቃ የሚቆጠር ቀን በየዓመቱ ይዞራል፤ እሱን የሚያሳየው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ደግሞ እኔው ራሴ የጂያሆንግን የስኳር ሠንጠረዥ ለጥፌበታለሁ። ምን እላለሁ? ሠንጠረዡን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ዛሬ ነው።

«ግድ የለም። አውቄሻለሁ፤ ይዤ መጥቻለሁ» አሉና የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈቱ። ሽታው ቤቱን ሞላው። በሶያ ሶስና በስኳር ተቀቅሎ ቅልጥም ቅልጥሙ የሚያብለጨልጭ የአሳማ እግር፤ ሥሩ ባለው ድርብ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ የስንዴ ኑድል። አባባ ይወዱት የነበረው። ባሌም የሚወደው።

«እማማ፣ ይሄ እዚህ ቤት አይቀርብም።»

«ለማን አይቀርብም?»

«ለማንም። ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ሐኪሙ የከለከለው ልጄን ነው። የኔ ሽማግሌ ሞቷል! ለሞተ ሰው ስኳር ምን ያደርገዋል?»

«ከሳቸው በኋላ ማን ነው የሚበላው? አባባ የሚበሉት ሽታውን ነው። ሥጋውን የሚበላው ልጅዎ ነው።»

ለመሠዊያ የቀረበ ምግብ አይጣልም፤ ሟቹ ከጠገቡ በኋላ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይበላዋል፤ በረከት ነው። ጂያሆንግ ይህን በረከት እስከ መጨረሻው ቅልጥም እንደሚመጠው እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አማቴ ትንሽ አዩኝና የምሳ ዕቃውን ከደኑት።

«እሺ። አንቺ አብስዪ። ሣርሽን ይቀበል እንደሆነ እሱን ራሱን እንጠይቀዋለን።»

የምሳ ዕቃውን ከመሠዊያው አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ እንደ ሌላ እንግዳ።

ወጥ ቤት ገብቼ ራዲሹን መላጥ ጀመርኩ። ቸኩያለሁ። ሴትዮዋ ስልኩ ላይ «ጨው ነስንሳችሁ ውሃውን እስኪተፋ ተዉት» ትላለች፤ ለኔ ጊዜ የት አለኝ? ዘለልኩት። መጠምዘዣው ደግሞ ያን ቀን አድሞብኛል፤ በየመሃሉ እየነከሰ ይቆማል፤ የሚወጣው ኑድል ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ እንደ ፍርፋሪ። ካሮቱማ ጭራሽ አልዞርም አለ። ዝንጅብሉን ከትፌ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ቀጥቅጬ፣ ቶፉውን፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ በትንሽ ዘይት አቁላልቼ፣ እንጉዳዩን ስጨምር አማቴ ኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ይሄ ማሽን ምንድን ነው? እርሳስ መቅረጫ?»

«የኑድል ነው እማማ።»

«ኑድል ከዱቄት ነው የሚሠራው። ይሄ ቀለም የሌለው እርሳስ ነው።»

ሶያ ሶስ፣ ጥቂት አቼቶ፣ የሰሊጥ ዘይት። መጠኑን በዓይኔ ገመትኩ፤ ለሟች የሚቀርብ ምግብ ቀድሞ አይቀመስም። ጨዉ ይብዛ ይነስ የሚያውቀው የለም። ለባሌ ደግሞ ጨው አይብዛ ተብሏል፤ ስለዚህ እጄን ሰበሰብኩ። መረቁ ጣቴ ላይ ፈናጠቀ፤ አቃጠለኝ፤ ሳላስበው ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

«ቀመስሽ!»

«አቃጥሎኝ ነው!»

«ጣትሽ ላይ ምን ነበር?»

«እማማ፣ ጣቴ ነው፤ የራሴ ጣት!»

«ከሱ በፊት ቀመስሽ። አሁን እንግዲህ ኩርፊያውን አንቺ ቻዪው» ብለው ወጡ። ማማሰያውን ለማስቀመጥ እጄን ስወረውር ክርኔ የስቴኪኒውን ብልቃጥ መታው፤ ስቴኪኒው ወለሉ ላይ ተበተነ።

ጂያሆንግ የገባው በዚህ መሃል ነው። ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው፣ አፍንጫው እየመራው። የምሳ ዕቃውን ገና ሳያየው አውቆታል።

«እማዬ! የአሳማ እግር አመጣሽ!» ፊቱ በራ። በሦስት ወር ውስጥ ለኔ እንዲህ በርቶልኝ አያውቅም።

«ለአባትህ ነው» አልኩት ከወጥ ቤት።

«እኔም የሱ ልጅ ነኝ እኮ» አለና መጣ። ወለሉን አይቶ ሳቀ። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ስቴኪኒ ነው ራታችን? ቆይ፣ እኔ እሰበስበዋለሁ።» ከዚያም ጎንበስ ማለት የለ፣ መጥረጊያ ማንሳት የለ፤ በእግሩ እየገፋ ወደ ጥግ ሰበሰበው።

«እጅህ የት ሄደ?»

«ጎንበስ ካልኩ ሆዴ ይታጠፋል» አለኝ፣ ሆዱን እየመታ። ራዲሹን ወደ ድስቱ ለመጨመር ስለቸኮልኩ ተውኩት።

ራዲሽ ኑድል የሚጥመው ከእሳት እንደወረደ ነው። ሁለት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ ሰሊጥ ነስንሶ፣ ወዲያው መብላት። ካቆየኸው ውሃውን ይተፋል፤ ይልፈሰፈሳል፤ የቀረው መረቁ ውስጥ የዋኘ ሣር ነው። ይህን እያወቅሁ የሚያምር አንድ ሳህን አውጥቼ መሠዊያው ላይ አስቀመጥኩ፤ የእኛን ጠረጴዛው ላይ ከደንኩት። አማቴ መብያ እንጨቶቹን ከሳህኑ ጎን አጋደሙና ዕጣኑን ለኮሱ። ሦስታችንም ሰገድን። ዕጣኑ ትንሽ እስኪነድ አባባ ይበላሉ፤ እስከዚያ ማንም አይጎርስም።

አማቴ በየሙት ዓመቱ የሚሉትን ማለት ጀመሩ። «አባትህ እንዴት ያለ ወንድ ነበር መሰለህ! የዚያን ጊዜ የቤተ መቅደሱን አምላክ ምስል ተሸክመው ሲዞሩ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ፣ ቀኑን ሙሉ በላዩ ላይ ሲሄድ ውሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላማረረም። ማታ ጫማውን ሳወልቅለት እግሩ በደም ተነክሯል። ‹ምንም አልተሰማኝም› አለኝ። ወንድ!»

«ወንድ!» አለ ጂያሆንግም፤ ይህን ታሪክ ይወደዋል።

እኔ የማስበው ራዲሹን ነበር። በመስታወት ክዳኑ ውስጥ ውሃው ሲሰበሰብ ይታየኛል።

ሲበቃ ጂያሆንግ ሁለት ሳንቲም አነሳ። ወንድ ልጅ ነው የሚጠይቀው። አንዱ የሰው ምስል ባለበት ጎን፣ አንዱ በቁጥሩ ከወደቀ አባባ «አዎ፣ ጠግቤያለሁ» ማለታቸው ነው። ሁለቱም ቁጥር ከሆነ አልበላሁም። ሁለቱም ሰው ከሆነ ደግሞ እየሳቁብን ነው።

«አባባ፣ ጠገቡ?» ብሎ ወረወረ።

ቁጥርና ቁጥር።

«አልበላም» አሉ አማቴ፣ የጠበቁት ነገር የደረሰላቸው ይመስል።

«ገና አልጀመሩ ይሆናል። ቆይተህ ጠይቅ» አልኩ። ቆየን። ጂያሆንግ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሳሎን ተመላለሰ፤ በምሳ ዕቃው አጠገብ ባለፈ ቁጥር አፍንጫውን ይነፋል። ወረወረ። ቁጥርና ቁጥር። እንደገና ቆየን። ሰውና ሰው።

«ሳቀብሽ» አሉ አማቴ።

«በኔ ይሁን በእርስዎ በምን አወቁ?»

«ቀድመሽ ቀመስሽበታ! ደግሞ ራዲሽ በሕይወቱ አይወድም ነበር። በሕይወት ያልበላውን ሞቶ ይብላልሽ?»

የቆሻሻ መኪናው ዜማ ከታች ተሰማ። ጂያሆንግ ጆሮውን ቀሰረ፤ ፌስታሉን ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

«የትም!» አልኩት።

«ቆሻሻው ይሸታል እኮ።»

«ይሽተት!»

«አባትህ ሳይበላ ማንም ከቤት አይወጣም» አሉ አማቴም። በዚያ ምሽት የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ዜማው በመስኮታችን ሥር አለፈ፤ ራቀ፤ ጠፋ። ጂያሆንግ ፊቱ ተኮማተረ። ርቦታል። እኔም ርቦኛል። ጠዋት ከበላኋት አንድ እንቁላል በቀር ሆዴ ውስጥ ምንም የለም፤ ያ ሁሉ የቆምኩበት፣ የተጠመዘዝኩበት ምግብ ክዳን ሥር ሆኖ እየሞተ ነው፤ የአንድ ሰው ስኳር ይውረድ ብዬ ደግሞ ከሞተ ሰው ጋር እከራከራለሁ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ክዳኑን አንስቼ ምግቡን ማማሰል ያዝኩ። ራዲሹ ቀዝቅዟል፤ ሥሩ ውሃ ቋጥሯል።

«በቃ» አለ ጂያሆንግ፣ ሳንቲሞቹን መዳፉ ውስጥ እያንቃጨለ። «ግልጽ ነው። አባባ የአሳማ እግሩን ነው የፈለጉት። እሱን እንጠይቅ።»

«አትጠይቅም።»

«ዩንሩ፣ እኔ ነኝ እንዴ የፈለግኩት? እሳቸው ናቸው።»

«አንተ ነህ! ሦስት ወር ሙሉ አንተ ነህ! ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ቂጣ የማላውቅ መሰለህ? ነገ መንጃ ፈቃድህን ሲወስዱብህ፣ መሪ የምትይዝበት ቀን ሲያበቃ፣ ያኔም ሳቅ። እኔ ግን ሁለተኛ ፋሻ አልቀይርም። ሰማህ? ለአባትህ ቀይሬያለሁ። ላንተ አልቀይርም!»

ጂያሆንግ ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። አማቴ ወደ ፎቶው ዞረው ቆዩና «ጠይቅ» አሉት በቀስታ። «ጠይቀው ይለይለት።»

«አባባ፣ የአሳማ እግሩን ይፈልጋሉ?» ብሎ ወረወረ።

አንዱ ሳንቲም በቁጥር ወደቀ። ሌላው ወለሉ ላይ ተንደርድሮ በመሠዊያው ቁም ሣጥን ሥር ገባ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው። ጂያሆንግ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ደረቱን ወለሉ ላይ አስተኝቶ ክንዱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሆዱ አልታጠፈበትም። እግሮቹ ወደኛ ተዘርግተዋል፤ የካልሲው ሶል ወደ ላይ።

ያዩት አማቴ ናቸው። ክንዴን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ።

የግራ እግሩ ካልሲ ግራጫ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ሳንቲም የከበበ ጥቁር ቀይ ርጥበት ነበር፤ ከርጥበቱ መሃል የስቴኪኒ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«ጂያሆንግ» አሉ አማቴ። «አትንቀሳቀስ።»

«ቆይ፣ ነካሁት… ወደ ውስጥ ሸሸብኝ!» ይላል እሱ ከሥር።

አማቴ ቁጭ አሉ። በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳቡት። ወጣ። ወጣ። የጣት አንጓ ያህል ጠልቆ ነበር። ጂያሆንግ እግሩን እንኳ አላነቃነቀም፤ ክንዱን ወደ ውስጥ እየሰደደ ያጉረመርማል።

«አገኘሁት!» አለና ሳንቲሙን ጨብጦ ወጣ። ዞሮ ሲያየን እናቱ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ደም የነካው ስቴኪኒ በጣታቸው ይዘዋል። «ምንድን ነው እሱ?»

«ካንተ እግር ነው።»

«መቼ?»

«አሁን። አሁን ነቀልኩት።»

«እኔ እኮ ምንም አልተሰ…» አለና አቆመ።

ከወጥ ቤት ጀምሮ በላዩ ላይ ሲመላለስበት ነበር፤ ሳሎን፣ በረንዳ፣ ሳሎን። ለአባቱ ሲሰግድ በላዩ ላይ ነበር። እናቱ ያን የጠጠር ታሪክ ሲያወሩ፣ እሱም «ወንድ!» ሲል፣ በላዩ ላይ ቆሞ ነበር። አማቴ ስቴኪኒውን እያገላበጡ አዩት። ድሮ የአባባን ጫማ ሲያወልቁ ያዩት ጀግንነት ምን እንደነበር የገባቸው ያኔ ይመስለኛል።

ሁለተኛ አልቀይርም ያልኩት እኔ ሳፋ አምጥቼ ቁጭ አልኩ። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ አደረቅኩት፤ መድኃኒት ቀብቼ በፋሻ አሰርኩት። እጄ ሥራውን አልረሳም። ንዴቴ ግን የት እንደገባ እንጃ፤ በቦታው የገባው ፍርሃት ነው፤ ንዴቱ ይሻለኝ ነበር።

ስጨርስ አማቴ ተነሱ። የምሳ ዕቃውን ከፈቱ። የአሳማ እግሩን በሙሉ፣ የክር ኑድሉን በሙሉ፣ መረቁን ሳይቀር በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጠው የኔን ራዲሽ ከመሠዊያው አነሱና የሳቸውን በቦታው አስቀመጡ። ልቃወም አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ሽማግሌ» አሉ፣ ወደ ፎቶው። ድምፃቸው የቁጣ ነበር። «ይኸው የወደድከው። ያንተ ነው። ሥጋውንም ብላ፣ አጥንቱንም ብላ፣ መረቁንም ጠጣ። ለልጄ ፍርፋሪ እንዳትተውለት። ነገ ጠዋት ወስጄ መቃብርህ ላይ ነው የምደፋው፤ ማንም አይቀምሰውም። ሰማህ? ያንተ ብቻ ነው። ልጄንም ከጎንህ እንዳታስቀምጠው፤ ገና ነው።»

ሳንቲሞቹን ከጂያሆንግ እጅ ወስደው ራሳቸው ወረወሩ። አንዱ በሰው፣ አንዱ በቁጥር።

ሁለተኛ አልወረወሩም። «ጠግቧል» አሉ። «ብሉ።»

ተቀመጥን። ራዲሹ በረዶ ሆኗል፤ ቶፉው ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ጂያሆንግ ሳህኑን አየ፤ ፎቶው ፊት ያለውን ጎድጓዳ ሳህን አየ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ ሞከረ።

«እንዲያው አካበዳችሁት እንጂ» አለ፣ «የውስጥ እግሬ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ማንም ሹፌር እንደዚያ ነው። ደግሞ ግራው ነው። ግራው ቁጭ ብሎ የሚውል እግር ነው። ፍሬን የሚረግጠው ቀኙ ነው፤ ቀኜ ደግሞ እንደ እጄ ነው።»

አማቴ መብያቸውን አስቀመጡ። «ቀኙን አምጣ።»

«እማዬ፣ ልብላበት።»

«አምጣ አልኩህ። ካልሲውን አውልቅ።»

ወንበሩን ዞር አድርጎ ቀኝ እግሩን ጉልበታቸው ላይ ጫነላቸው፣ እንደ ትልቅ ሕፃን። «ይኸው! ልታኮረኩሪኝ ነው? እንደ ልጅነቴ እስቃለሁ፣ ነግሬሻለሁ።»

«ዓይንህን ጨፍን። የትኛውን ጣት እንደያዝኩ ንገረኝ።»

ጨፈነ። ፈገግ እንዳለ ነው። አማቴ አውራ ጣቱን በጥፍራቸው ጫኑት። ጂያሆንግ ምንም አላለም። ወደ ቀጣዩ ጣት ሄዱ፤ ጫኑት፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ። አጥብቀው ስለጫኑ የሳቸው ጥፍር ነጭ ሆነ። ትንሿ ጣት ላይ ደረሱ። ወደኔ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ጣቷን ግን አልለቀቁም።

«እማዬ» አለ ጂያሆንግ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ምነው፣ አትጀምሪም እንዴ?»

ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። የእናቱን እጅ አየ፤ የት እንዳለ አየ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

እግሩን አውርዶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። መብያውን አነሳና መብላት ጀመረ። ራዲሹን ጨረሰ፤ ካሮቱን ጨረሰ፤ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ የቀዘቀዘውን ውሃ ጠጣው። ከዚያ ባዶውን ወደኔ ገፋልኝ፤ ጨመርኩለት። እኔም አማቴም በላን። ጨው አልነበረውም። ማናችንም ጨው አነሰው አላልንም።